ስኮፕ ርቀት ይለካል፦ ለኮምቦልቻው ወንድማችን ምላሽ

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። የሚያወራው ስለ አየር ጠመንጃ ዒላማ ተኩስ ነው። ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አለው። ስለ አተነፋፈስ፣ ስለ ምላጭ አሳሳብ፣ ስለ ጥንቃቄ የጻፈው ልቅም ያለ ነው። «ከኋላው የአፈር ቁልል የሌለው ዒላማ ላይ አትተኩሱ» ያለውን እኔም ደግሜ እላለሁ።

የማልስማማው ከጽሑፉ ሁለተኛ አጋማሽ ጋር ነው። እዚያ ላይ ወደ ስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃ ላይ ወደሚገጠመው ማጉሊያ መነጽር ይገባል። ባጭሩ «ስኮፕ ለማየት ነው እንጂ ርቀት ለመለካት አይሆንም» ይላል። ምክንያቶቹንም ይደረድራል። የአየር ጠመንጃ ርቀት አጭር ስለሆነ ጥቂት ሜትር ብንሳሳት ለውጥ የለውም ይላል። የወሎ ልጅ ደግሞ ዓይኑ ራሱ ሜትር ነው ይላል። በስኮፑ መዘውር (ምስሉን ለማጥራት በሚዞረው የጎን ቁልፍ) ላይ የተጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው ርቀት ጋር አይገጥምም ይላል። የግድ መለካት ያማረው ሰው በስኮፑ ውስጥ ባለው ማነጣጠሪያ መስቀል ላይ ያሉትን የሚል ነጥቦች (የማዕዘን መለኪያ ምልክቶች) ይጠቀም ብሎ ሠንጠረዥ ያወጣል፣ ካልሆነም የግንበኞችን ሌዘር ይግዛ ይላል። መዝጊያው ላይ የኦሎምፒክ ተኳሾች ያለ ስኮፕ እንደሚተኩሱ ይጠቅሳል።

ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ደሴ ላይ ይህን ስፖርት የጀመሩ ልጆች ሠንጠረዡን እየገለበጡ ነው። አንዱማ የስኮፑን መዘውር ፈትቶ ካርቶኑ ውስጥ መልሶታል። ለምን ስለው «አይሠራም ተብሏል» አለኝ። ስኮፑ ግን ደህና ስኮፕ ነው። ይሄ ያንገበግባል። ስኮፕ እኛ ጋ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። አንዴ እጁ የገባለት ሰው እስከ መጨረሻው ሊጠቀምበት ይገባል።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባታችን በፊት ስለ የትኛው ተኩስ እንደምናወራ እንስማማ። ወንድማችን የሚጽፈው ስለ ፊልድ ታርጌት ነው። ይህ ውድድር በፈረንጆቹ 1980 አካባቢ እንግሊዝ አገር የተጀመረ ነው። ዒላማው የላሜራ ብረት ነው፤ ብዙ ጊዜ በወፍ ወይም በእንስሳ ቅርጽ ይቆረጣል። መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። ጥይቱ በቀዳዳው አልፎ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ብረት ሲመታ ላሜራው ይወድቃል። ጥይቱ ላሜራው ላይ ካረፈ ግን ላሜራው እንደቆመ ይቀራል። የቀዳዳው ስፋት ከ15 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ ዒላማው ከ8 እስከ 55 ያርድ ባለው ርቀት የትም ሊቆም ይችላል። በሜትር ከ7 ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 50 መሆኑ ነው። የጠመንጃው ጉልበት ከ16.3 ጁል ማለፍ የለበትም። ዋናው ነገር ደግሞ ርቀቱ ለተኳሹ አይነገረውም። ከስኮፑ ሌላ የርቀት መለኪያ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ስለዚህ «ስኮፕ አይለካም» ካልን ጨዋታው ራሱ የለም ማለት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። «ጥቂት ሜትር ብንሳሳት ለውጥ የለውም።»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሌሎቹ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የቆሙት። ወንድማችን የአየር ጠመንጃን ጥይት እንደ ክላሽ ጥይት ሳያስበው አልቀረም። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያልፋል። የ4.5 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃ ጥይት ግን ክብደቱ ግማሽ ግራም ቢያልፍ ትንሽ ነው። በዚያ በተፈቀደው ጉልበት ሲተኮስ በሰከንድ 240 ሜትር ገደማ ነው የሚወጣው። ያቺንም ፍጥነት አየሩ ቶሎ ይበላታል። 50 ሜትር ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሩብ ሰከንድ ውስጥ ደግሞ መሬት ብዙ ትስባለች።

በቁጥር እንየው። ጠመንጃችንን በ32 ሜትር ላይ ዜሮ አደረግነው፣ ማለትም እዚያ ርቀት ላይ ጥይቱ ልክ መስቀሉ ያረፈበትን እንዲመታ አስተካከልነው እንበል። በባሕር ወለል አየር ስንሰላው ጥይቱ 45 ሜትር ላይ ከመስቀሉ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል። 50 ሜትር ላይ ሲሆን ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይወርዳል። በአምስት ሜትር ልዩነት ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ወረደ ማለት ነው። ትልቁ ቀዳዳ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከመሐል እስከ ጠርዝ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ። እንግዲህ 50ን 45 ብሎ የገመተ ሰው እጁ ቅንጣት ባይንቀጠቀጥም ይስታል። ሦስት ሜትር የተሳሳተውም ጠርዙ ላይ ነው የሚያርፍበት።

ወንድማችን ይህን ለምን አላየውም? መልሱ ራሱ ጽሑፉ ውስጥ አለ። ሙከራውን ያደረገው በ20 እና በ30 ሜትር መካከል ነው። በዚህ ርቀት ላይ ጥይቱ ከመስቀሉ ብዙ አይርቅም። በምሳሌያችን ከ20 እስከ 35 ሜትር ድረስ ወደ ላይም ወደ ታችም ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። እውነትም እዚያ ላይ አምስት ሜትር ብትሳሳት ላሜራው ይወድቃል። ታዲያ ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ያውቃል። ዒላማውን ሆን ብሎ ወደ 45 እና 50 ይገፋዋል።

ወደ ቅርቡም ያመጣዋል። ቅርቡ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስኮፑ ከአፈሙዙ አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ በጣም ቅርብ ላይ ጥይቱ ገና ወደ መስቀሉ እየወጣ ነው። 8 ሜትር ላይ ከመስቀሉ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። 15 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ መስቀሉን መሐል ላይ አድርገህ ብትተኩስ በእርግጠኝነት ትስታለህ። «ቅርብ ስለሆነ ቀላል ነው» የሚባል ነገር እዚህ ስፖርት ውስጥ የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ከላይ የሰጠሁት ስሌት የባሕር ወለል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ 20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ጥይቱ ፍጥነቱን እንደዚያ ቶሎ አያጣም፣ መውረዱም ይቀንሳል። 50 ሜትር ላይ ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የውጭ ሰው የጥይት መውረጃ ሠንጠረዥ ገልብጦ ጦሳ ተራራ ሥር መተኮስ አያዋጣም። በየአምስት ሜትሩ በገዛ ጠመንጃህ ተኩሰህ፣ ያረፈበትን ለክተህ መጻፍ አለብህ። ኮምቦልቻ በበኩሏ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እዚያና እዚህም ትንሽ ይለያያል።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ዓይን ነው። ወንድማችን እዚህ ጋ የቆላውን ልጅ ያነሳል። ማሽላ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ የሚያባርረውን ልጅ። «እሱ በየትኛው ስኮፕ ለካ?» ብሎ ይጠይቃል።

ያ ልጅ ክብር ይገባዋል። ባቲ መንገድ ላይ ወይም ቆቦ ሜዳ ላይ ያየው ሰው ያውቀዋል። ድንጋዩ የፈለገበት አካባቢ ነው የሚወድቅለት። ነገር ግን ሥራው ሌላ ነው። ድንጋዩ ከመንጋው አንድ ክንድ ርቆ ቢወድቅም ወፉ ይነሳል። እኛ የምናወራው ስለ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ያ ልጅ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ማሳ ላይ ነው የለመደው። የማሳውን ጫፍ ያውቀዋል። ፊልድ ታርጌት ግን በማታውቀው ቦታ፣ መጠኑን በማታውቀው ላሜራ ላይ ነው።

የኛ አገር መልክዓ ምድርም ዓይንን ያታልላል። ፀሐይ ከጀርባህ ሆና ዒላማውን ስታበራው የቀረበ ይመስላል። ጉም ሲሆን ይርቃል። ደሴ ላይ ደግሞ ጉሙ ሲፈልግ ከጦሳ ወርዶ በአንድ ጠዋት ውስጥ ሦስቴ ይመጣል ይሄዳል። በመካከል ያለው ሰርጥ ካልታየህ ማዶው ቅርብ ይመስልሃል። ባሕር ዛፍ ጥላ ውስጥ የቆመ ላሜራ ከሜዳው ላሜራ የራቀ ይመስላል። ዓይን ለመጀመሪያ ግምት ጥሩ ነው። ስኮፑ 38 ሲልህ ዓይንህ «ኧረ ይሄማ ከ25 አያልፍም» ካለህ እንደገና ለካ። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ። ዓይን ብቻውን ግን ከ40 ሜትር ወዲያ አስተማማኝ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ዋናው ነው፤ ብዙ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው። ወንድማችን ማስረጃ ያመጣው ለዚህ ብቻ ነው። አዲስ ስኮፕ ገጠመ። ዒላማው ጥርት ብሎ እስኪታየው ድረስ የጎን መዘውሩን አዞረ። ቁጥሩ 30 አለው። መሬቱን በሜትር ሲለካው 26 ሆነ። «አራት ሜትር የዋሸ መሣሪያ ምን ይሠራል?» ብሎ ደመደመ።

መጀመሪያ ነገር፣ ቁጥሩ ያርድ ነው ወይስ ሜትር? አልነገረንም። ብዙ ስኮፖች ላይ የሚታተመው ያርድ ነው። 30 ያርድ 27 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ ከአራቱ ሜትር ሁለት ተኩሉ ያለ አንዳች ጥፋት ሄደ። የቀረው አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው።

እሱም ምክንያት አለው። ፋብሪካው ቁጥሩን የሚያትመው ለዚያ ሞዴል ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ነው። የያንዳንዱ ስኮፕ ሌንስ አገጣጠም ግን በጥቂቱ ይለያያል። የያንዳንዱ ሰው ዓይንም ይለያያል። የታተመው ቁጥር «ወደዚህ አካባቢ ነው» ለማለት ነው። ቁጥሩ ስለሳተ መዘውሩን መጣል፣ አምስት ደቂቃ ስለዘገየ የእጅ ሰዓትን አውጥቶ እንደመጣል ነው።

መዘውሩ ምን እንደሚሠራ ስናውቅ ነገሩ ይገባናል። ዒላማው ሲቀርብ ወይም ሲርቅ በስኮፑ ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ ይለዋወጣል። መዘውሩ በስኮፑ ውስጥ ያለውን ሌንስ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ ምስሉን መስቀሉ ያለበት ቦታ ላይ ይመልሰዋል። ምስሉ እዚያ ሲያርፍ ይጠራል። ለእያንዳንዱ ርቀት ሌንሱ የሚቆምበት አንድ ቦታ አለ ማለት ነው። ርቀት መለካት የሚባለው ያንን ቦታ ማንበብ ነው። አስማት የለበትም፣ ግምትም አይደለም።

ችግሩ ርቀቱ ሲጨምር ይህ እንቅስቃሴ በጣም ማነሱ ነው። የፊት ሌንሱ የትኩረት ርቀት 200 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ዒላማው ከ10 ወደ 20 ሜትር ሲሄድ ምስሉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ከ40 ወደ 50 ሲሄድ ግን 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እኩል አሥር ሜትር ነው፤ እንቅስቃሴው ግን አንድ አሥረኛ ሆነ። መዘውሩ ላይ 10 እና 15 ተራርቀው፣ 45 እና 50 ተጣብቀው የምናያቸው ለዚህ ነው። ትልቅ መዘውር የሚገጠመውም ለጌጥ አይደለም። ምልክቶቹ ተራርቀው እንዲነበቡ ነው። የማየት አቅሙን ግን መዘውሩ አይጨምረውም። እሱ የሚመጣው ከማጉላቱና ከፊት ሌንሱ ስፋት ነው። ስኮፑ በጣም ሲያጎላና ሌንሱ ሰፊ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ይጠባል። ፊልድ ታርጌት ተኳሾች 35 እና 50 ጊዜ የሚያጎላ ስኮፕ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ከ3 እስከ 9 ጊዜ በሚያጎላ ስኮፕ 30ም 45ም ሜትር እኩል ጠርተው ይታያሉ። እንዲህ ያለው ስኮፕ በርግጥ በፎከስ አይለካም። ወንድማችን ይህን ለይቶ ቢጽፈው ኖሮ እኔም ባልጻፍኩ ነበር።

ታዲያ እንዴት ይሠራል? እኛ ጋ የምናደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የዓይን በኩሉን ሌንስ እናስተካክላለን። ስኮፑን ወደ ሰማይ አዙሮ መስቀሉን ብቻ ማየት ነው፤ ወደ ፀሐይ በጭራሽ አይደለም። መስቀሉ ወዲያው ዓይን እንደጣልክበት ጥቁርና ሹል ሆኖ መታየት አለበት። ረጅም አታፍጥ። ዓይን ራሱን እያስተካከለ ያታልልሃል፣ በተለይ የወጣት ዓይን። ይህ ሳይስተካከል የተደረገ ማንኛውም ልኬት ከንቱ ነው።

ከዚያ ገላጣ ቦታ እንመርጣለን። ገራዶ በኩል ደልዳላ መሬት አይጠፋም። የግንበኞችን ባለ 50 ሜትር ሜትር ስኮፑ ካለበት ጀምሮ እንዘረጋለን። በየቦታው እንጨት እንተክላለን። እንጨቱ ላይ ቀለም የተቀባ ነገር አንሰቅልም። ቀለም ለፎከስ አይመችም። ቀጭን የሹራብ ክር ወይም የጆንያ ጭረት እናስርበታለን። የክሩ ፀጉር አንድ በአንድ ሲለይ ያኔ ጠርቷል ማለት ነው። ላሜራ ላይም ስትለካ ቀለሙን ተወው። የገመዱን ቋጠሮ፣ የብሎኑን ጥርስ ወይም እግሩ ሥር ያለውን ሣር ፈልግ።

መዘውሩ ዙሪያ ነጭ ፕላስተር እንለጥፋለን። ለእያንዳንዱ እንጨት መዘውሩን እናዞራለን፣ ሲጠራ በቀጭን እስክሪብቶ ጭረት እናደርጋለን። ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ነው የሚዞረው፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ። ወዲያና ወዲህ እያልክ ብታቆመው የመዘውሩ ውስጥ ልልነት ራሱ ሜትር ያሳስትሃል። ካለፍከው ወደ ኋላ መልሰህ እንደ አዲስ ና። ሌላ ቀን ደግመህ ጭረቶቹ ይገጥሙ እንደሆነ እይ። ከ40 ወዲያ ያሉት ካልገጠሙ መካከላቸውን ያዝ። ከዚህ በኋላ የፋብሪካውን ቁጥር እርሳው። ያንተ ፕላስተር ነው እውነተኛው።

አሁን ሙቀት። ይህን ወንድማችን ጭራሽ አላነሳውም፣ እኛን ግን ከማንም በላይ የሚመለከተን ነው። ስኮፕ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብረቱም መስታወቱም በጥቂቱ ይለወጣል። ፎከሱም አብሮ ይዛወራል። ቅርብ ላይ አይታወቅም። 45 እና 50 ላይ ግን ምልክቶቹ ስለተጣበቁ ትንሿ መዛወር ብዙ ሜትር ሆና ትታያለች። በታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንበህ ያሰመርከውን ፕላስተር ይዘህ ሐረጎን ውረድ። ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ስትደርስ ስኮፑ ሌላ ነገር ይነግርሃል። ወደ የትኛው እንደሚዛወር ከስኮፕ ስኮፕ ይለያያል፣ ስለዚህ የራስህን ማወቅ አለብህ። ብዙ ተኳሾች ትንሽ ቴርሞሜትር ስኮፑ ላይ የሚለጥፉት ለዚህ ነው። አንድ መዘውር ላይ ሁለት ረድፍ ማስመር ይቻላል፤ አንዱ በሰማያዊ ለብርድ፣ አንዱ በቀይ ለሙቀት። ስኮፑን ፀሐይ ላይ አታስጥ፤ ጃንጥላ ካለ ጃንጥላ፣ ከሌለ ጨርቅ ጣል አድርግበት። የወንድማችን የቀረችው አንድ ሜትር ተኩልም ከዓይን በኩሉ ሌንስ ወይም ከኮምቦልቻ ፀሐይ የመጣች ትመስለኛለች።

ቁልቁለትና ዳገትም አለ። ወሎ ላይ ደልዳላ ሜዳ ፍለጋ መከራ ነው፤ ብዙ ዒላማ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው የሚቆመው። መዘውሩ የሚለካው በቀጥታ ከዓይንህ እስከ ዒላማው ያለውን ነው። የጥይቱን መውረድ የሚወስነው ግን አግድም ርቀቱ ነው ማለት ይቻላል። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 45 ሜትር ያነበብከው ዒላማ ላይ የምትይዘው እንደ 39 ሜትር ነው። እንደ 45 ከያዝከው ጥይቱ ካሰብከው ከፍ ብሎ ይሄዳል። ወደ ላይም ስትተኩስ እንደዚያው ነው።

አራተኛው ነጥብ የሚል ነጥቦቹ ናቸው። ወንድማችን ቀመሩን በትክክል ነው የጻፈው። የዒላማውን መጠን በሚሊ ሜትር ወስደህ በተነበበው ሚል ስታካፍለው ርቀቱን በሜትር ይሰጥሃል። 40 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አንድ ሚል ከሞላ 40 ሜትር ላይ ነው። እስከዚህ ልክ ነው። ስህተቱ ከሱ ቀጥሎ ባወጣው ሠንጠረዥ ላይ ነው። «ስኮፑን እስከ መጨረሻው አጉልታችሁ ተጠቀሙበት» ይላል።

አብዛኛው የአየር ጠመንጃ ስኮፕ ስታጎላው ዒላማው ይተልቃል፣ መስቀሉ ግን መጠኑን አይለውጥም። እንዲህ ባለው ስኮፕ ነጥቦቹ እውነተኛ ሚል የሚሆኑት በአንድ ማጉሊያ ላይ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ10። ስኮፑን 20 ላይ ስታደርገው በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ግማሽ ሚል ይሆናል። እንግዲህ 40 ሜትር ላይ ያለው ያው ቀዳዳ ሁለት ክፍተት ይሞላል። የወንድማችን ሠንጠረዥ ሁለት ሲባል 20 ሜትር ይላል። ልጁ 20 ብሎ ይይዛል፣ ጥይቱ ካሰበበት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ላሜራውን ይመታል። ከዚያ ጠመንጃውን ይወቅሳል። እኔ ያየሁት ልጅ እንደዚያ ነው ያደረገው። ጠመንጃው ምንም አልሆነም።

ሌላም ነገር አለ። የቀዳዳው መጠን አንድ ዓይነት አይደለም። 25 ሚሊ ሜትሩን 40 ነው ብለህ ከለካህ ሁሉም ይበላሻል። ስፋቱን በትክክል ብታውቅ እንኳ 45 ሜትር ላይ 0.89፣ 50 ሜትር ላይ 0.8 ሚል ነው። ይህን ልዩነት በዓይን ለይቶ ማንበብ ከባድ ነው። ሚል ነጥብ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ሀንተር ፊልድ ታርጌት በሚባለው ወንድም ውድድር ስኮፑን ከጀመርክ በኋላ መንካት አይፈቀድም። እዚያ በመስቀሉ መለካትና የምስሉን መደብዘዝ ማንበብ ትልቅ ችሎታ ነው። ፎከስ የሌለው ስኮፕ ያለው ልጅም በዚህ ይሠራ፤ ስኮፑን በአንድ ማጉሊያ ላይ አስሮ፣ በሜትር የተለካ ሠንጠረዥ ራሱ ያውጣ።

ሌዘሩን በአጭሩ። ልምምድ ላይ ጥሩ ነው። ፕላስተሩን ስታሰምር ከሜትር ይፈጥናል። ውድድር ላይ ግን አይፈቀድም። ሁልጊዜ በሌዘር የለመደ ልጅ ውድድር ቀን ባዶ እጁን ይቀራል።

ኦሎምፒኩ ደግሞ ከኛ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። በፈረንጆቹ 1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ኦሎምፒክ የገባው የአየር ጠመንጃ ውድድር በ10 ሜትር የሚደረግ ነው። ርቀቱ ተለክቶ፣ መሬት ላይ ተሰምሮ ይጠብቃል። ስኮፕ በሕጉ አይፈቀድም። የመሐሉ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከባድነቱ ሌላ ነው። የሚገመት ርቀት ስለሌለ ግን ስለ ርቀት ግምት ምንም አያስተምረንም።

አሁን ወንድሜን የምለምነው ሠንጠረዡን ነው። ከሁሉ በላይ እሱ ነው እየተገለበጠ ያለው። ከላዩ ላይ «ስኮፑ በ10 ማጉሊያ ላይ ሲሆን ብቻ» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። ሥሩ ደግሞ የቀዳዳውን ስፋት ይጻፍ፣ 40 ሚሊ ሜትር መሆኑን። የሚያጋራውም ሰው ከነዚህ ሁለት መስመሮች ጋር ያጋራ። ስኮፑን ደግሞ ይዘህ ደሴ ብቅ በል፣ ፕላስተርና ሜትር እኛ ጋ አለ። ጠዋት እዚህ እናሰምረዋለን፣ ከሰዓት ኮምቦልቻ ወርደን በቀይ እንደግመዋለን።